ለማሜ ጋራ የምትሆነው ካሜራ

ኅዳር 4 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ይህን ደብተር ዛሬ የከፈትሁት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ እስከ ኅዳር 30 ቀን ከሁለት ካሜራዎች አንዱን መርጬ ለልጄ በጽሑፍ ማሳወቅ አለብኝ። በአፍ ሳወራው ሐሳቤ ይበተንብኛል፤ በጽሑፍ ሲሆን ይሰበሰባል። ሌላ ምክንያት የለኝም።

…አለኝ። ግን ዛሬ አልጽፈውም።

ቀኑ እንደ ማንኛውም ቀን ነበር። ኪዳን አስደርሼ ተመለስሁ። ጎመኑን አጠጣሁ። የተቀደደውን መጋረጃ ሰፋሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የሰርካለም ደብዳቤ ደረሰ። ልጄ አዲስ አበባ ባንክ ቤት ትሠራለች፤ ደብዳቤ የምትጽፈው እኔ ስለማስገድዳት ብቻ ነው። የሥራ ባልደረባዋ ብርቅዬ ለሥልጠና ዱባይ ትሄዳለችና ዲጂታል ካሜራ ይዛልኝ ትመጣለች። «ዋጋውን አይጠይቁኝ አባባ፤ የጡረታዎ ስጦታ ነው፤ ሁለት ዓመት ዘገየሁ እንጂ። የትኛዋ እንደምትሻልዎ ብቻ ይጻፉልኝ» ትላለች።

ከመጽሔት የተቆረጡ ሁለት ገጾች አባሪ ሆነዋል። አንደኛዋ ትንሽ ናት፤ ከሥሯ «ለጀማሪዎች» ይላል። ሁለተኛዋ ወፈር ትላለች፤ «ለመካከለኛ ደረጃ» ይላል።

ጀማሪ! ማን ነው ጀማሪ? በ1964 ዓ.ም. የመጀመሪያ ደመወዙን ለካሜራ የሰጠ ሰው?

ደብዳቤው ውስጥ ሦስት የሰዋስው ስሕተት አገኘሁ። በቀይ አሰመርሁባቸው። ልመልስላት አይደለም… ሠላሳ ስምንት ዓመት አማርኛ ያስተማረ እጅ ዝም ብሎ አያልፍም።


ኅዳር 7፣ ሐሙስ

አሮጌዋን ካሜራ ከሣጥን አወጣኋት። የቆዳ ማኅደሯ ቢሰነጣጠቅም ሽታው ያው ነው። መዝጊያዋን ጫንሁት… «ቀጭ»። ያን ድምፅ ስንት ዓመት ሳልሰማው ኖርሁ?

ፊልም የለም። ቢገኝም የሚያጥበው የለም፤ ወልድያ የነበረው የመጨረሻው ሰው ቤቱን ከዘጋ ስድስት ዓመት ሆነው።

በየዓመቱ ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ልጆችን በትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ደርድሬ አነሣቸው ነበር። «አትንቀሳቀሱ! አትተንፍሱ!» ስል ሃምሳው ልጅ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ዛሬ እነርሱም ሸምግለዋል። እስካሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አንዳንዶቹ ቀጥ ብለው ቆመው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ሊያሾፉብኝ ነው። እኔም አልቆጣም… ለምን እንደማልቆጣ ግን አላውቅም።


ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

አረጋ ፎቶ ቤት ሄድሁ። አረጋ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ አሁን አርባ ሊሞላው ነው፤ በላሊበላ ከተማ የጉርድ ፎቶግራፍና የሠርግ ሥራ የሚሠራው እርሱ ነው። ስገባ ከወንበሩ ተነሥቶ ቀጥ አለ፤ ጉንጩን ነፋ፤ ትንፋሹን ያዘ።

«ተንፍስ አንተ!» አልሁት።

የሚሠራባት ካሜራ መካከለኛዋ ናት። ትንሿን ደግሞ ካንድ አስጎብኚ ተውሶልኝ ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ አኖረልኝ። መካከለኛዋ ሰውነቷ ብረት ነው፤ አቧራና ካፊያ አትፈራም። ሁለት መዘውር አላት። በማያ መስኮቷ የምታሳየው ሰፊና ብሩህ ነው፤ ጨለማ ውስጥም ከትንሿ ይልቅ ታያለች። ትንሿ ፕላስቲክ ናት፤ ቀላል ናት። መዘውሯ ላይ ሥዕሎች ተለጥፈዋል፤ ተራራ፣ አበባ፣ የሚሮጥ ሰው። ተራራ ልታነሣ ስትፈልግ ተራራው ላይ ታዞረዋለህ።

«ትንሿ ራሷ ታስብልዎታለች፣ ጋሼ» አለ አረጋ።

«ሳስብ የኖርሁት እኔ ነኝ። የሚያስብልኝ ዕቃ አልጠየቅሁም።»

«ትልቋ ደግሞ ካላሰቡላት ምንም አታደርግም።»

«እንግዲያው የእኔ ቢጤ እርሷ ናት።»

«አንገትዎ ግን አብሮ ይማከርበት፤ የሚሸከማት እርሱ ነው» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ሥራውን የት እንደ ተማረ አጫወተኝ። አላውቅም ነበር። ደሴ ነው፤ አቶ መሐመድ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ። «ጋሽ መሐመድ ፊልም ከመንካታቸው በፊት ለሶላት እንደሚታጠቡ አድርገው ይታጠቡ ነበር። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስኖር አንድ ጥቅል ሲበላሽባቸው አላየሁም። እንግዲህ እኔን በዚህ አገር የማያምኑኝ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ብቻ ናቸው። ላንሣዎት ባልሁ ቁጥር ‹የዚያ የፊልም አቃጣይ ደቀ መዝሙር አያነሣኝም› ይሉኛል፤ በሰው ፊት። ምን አድርጌያቸው ነው ጋሼ?»

ሁለቱንም ካሜራ ደግሜ ማገላበጥ ጀመርሁ።


ኅዳር 10፣ እሑድ

ትከሻዬን አመመኝ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልያዝኋትም መካከለኛዋን።


ኅዳር 12፣ ማክሰኞ

ከቅዳሴ በኋላ ከወልደ ሩፋኤል ጋር ግንብ ላይ ተቀምጠን ፀሐይ ሞቅን። አብረን ፊደል የቆጠርን ነን። እርሱ በዜማው ገፋበት፤ እኔ ወደ አስኳላው ሄድሁ። ሰው ሲኖር አንቱ እንባባላለን፤ ብቻችንን ስንሆን አንተ።

ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። ሲነሣ ሁለት ሰው ይይዘዋል።

«ደቀ መዛሙርቱ ‹ዘንድሮ ከታች ይቁሙልን› ይሉኛል» አለ።

«ምን አልሃቸው?»

«ዘንድሮን ላይ እቆማለሁ። ከዘንድሮ በኋላ ከታች። አርባ ሦስት ዓመት መልአክ ሆኜአለሁ፤ ጥቂት ዓመት ደግሞ እረኛ ልሁን።»

የገና ጠዋት ካህናቱ ሁሉ ቤተ ማርያምን በከበበው በማሜ ጋራ አፋፍ ላይና ከሥሩ ባለው ግቢ ቆመው «ቤዛ ኵሉ»ን ይዘምራሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። አፋፉ ጠባብ ነው፤ ከኋላ ገደል፣ ከፊት ገደል። ወዲህና ወዲያ እያሉ ሲዘምሩ ጉልበት የሌለው ሰው አይቆምበትም።

«ታዲያ ያ ፎቶግራፍ…» አለ ቀስ ብሎ። «ፈረንጁ ሁሉ በየዓመቱ ሲያነሣኝ ኖረ፤ አንዱም መልሶ አላመጣልኝ። የራሴን መልክ እዚያ ላይ ሆኖ አላየሁትም። አንተ ቃል ነበረህ።»

«ነበረኝ። አለኝ።»

«ያ የደሴ ሰውዬ ባያቃጥልብን ኖሮ…» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ወንድሜ፣ ዝም በል። ስለዚያ ሰው አታንሣብኝ።


ኅዳር 15፣ ዓርብ

በመጀመሪያው ቀን ያልጻፍሁትን ልጻፍ። ደብተሩን የሚያነብብ የለም።

1968 ዓ.ም.። ኩልመስክ በምትባል ከተማ መምህር ነበርሁ። ለገና መጥቼ ወልደ ሩፋኤልን ማሜ ጋራ ላይ ላነሣው ቃል ገባሁ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው ብዬ ቀኑን ቆጥሬ በእግሬ ተነሣሁ። መንገድ ላይ ከሩቅ ከበሮ ሰማሁ፤ የዋዜማ መሰለኝ። ታኅሣሥ 28 ማምሻውን ከተማው ስገባ ሰው ሁሉ ሥጋ ይበላል! ጾም ሳይፈታ? ለካ ያ ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ያለፈው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ስለ ሆነች ገና በ28 ይውላል። የቤተ ክህነት ሕፃን የሚያውቀውን ዘመናዊው መምህር ዘነጋው። «ቤዛ ኵሉ» ጠዋት አልቆ ነበር።

ወልደ ሩፋኤል ከት ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ግን ነጭ ለብሶ፣ ጸናጽሉን ይዞ ለብቻው አፋፉ ላይ ወጣልኝ። «አትንቀሳቀስ። አትተንፍስ» እያልሁ አነሣሁት። ደጋግሜ አነሣሁት። ጥቅሉ የሠላሳ ስድስት ነው። የካሜራዋ ቁጥር ሠላሳ ስድስትን አልፎ ሠላሳ ሰባት አለ… ሠላሳ ስምንት… አርባ…

ያን ጊዜ ገባኝ። ፊልሙ የሚጎትተውን ጥርስ አልያዘም ነበር። ከቆርቆሮ ማኅደሩ ሳይወጣ እዚያው ተጠቅልሎ ቀርቷል። ባዶ ካሜራ ነበር የጫንሁት። እርሱ ደግሞ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ይዟል።

አልነገርሁትም። ከሁለት ወር በኋላ ሲጠይቀኝ «ደሴ መሐመድ ዘንድ ልኬው ነበር፤ አቃጠለው» አልሁ። ፊልሜን ሁሉ ሲያጥብልኝ የኖረ ሰው ነው፤ አንድም አበላሽቶብኝ አያውቅም። ለምን እርሱን? ስሙ አፌ ላይ ቀረበኝ። ሌላ ምክንያት የለውም።

ከዚያ ወዲህ ወልደ ሩፋኤል ያን ሰው የማይረግምበት ገና የለም። እኔም አጠገቡ ቆሜ አሜን እንደሚል ሰው ዝም።


ኅዳር 20፣ ረቡዕ

ትንሿ፦ ቀላል፣ ታዛዥ፣ ለጀማሪ። መካከለኛዋ፦ ከባድ፣ ጨዋ፣ ጨለማ የማትፈራ። ማሜ ጋራ በማለዳ ጥላ ነው፤ ፀሐይ ወደ ግቢው የምትገባው አርፍዳ ነው። ታዲያ ምን ያከራክራል?

ትከሻ ያከራክራል። ደግሞም እጄ… ሻይ ስቀዳ አየሁት።


ኅዳር 29፣ ዓርብ

ወሰንሁ። መካከለኛዋ። ባለፈው ለስንፍናዬ ሌላ ሰው ከፈለልኝ፤ አሁን በዕቃ ማነስ አላመካኝም።

ለሰርካለም ጻፍሁ፦ «…መካከለኛዋ ትሁንልኝ። ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ስለሆነ፣ በ28 ጠዋት በአውሮፕላን ብትደርስልኝ ይበቃኛል።» ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም።


ታኅሣሥ 8፣ እሑድ

ሰርካለም በሞባይል አጭር መልእክት ላከች፤ አማርኛን በላቲን ፊደል። ሳላነበው ዘጋሁት። የራሱ ፊደል ያለው ሰው የሰው ፊደል ተከራይቶ አይጽፍም። ብዙ ጊዜ ነግሬአታለሁ።


ታኅሣሥ 19፣ ሐሙስ

ምን ብዬ ልጀምር…

የገብርኤል ዕለት ነው። ወልደ ሩፋኤል ከማኅሌት ወጥቶ ግንባችን ላይ ተቀምጧል።

«ሰይፈ ሥላሴ፣ ካሜራህ መቼ ነው የምትገባ?»

«ሃያ ስምንት ጠዋት። አውሮፕላኑ አራት ሰዓት ላይ ያርፋል።»

«አራት ሰዓት… እኛ እኮ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ማሜ ጋራ ነን።»

«እርሱማ በማግሥቱ ነው።»

ትክ ብሎ አየኝ። እንደ ተማሪው አየኝ።

«ዘንድሮ ወንጌላዊው ማን ነው?»

«ዮሐ…»

 ዮሐንስ! ጳጉሜን ስድስት ነበረች። ራሴ ጳጉሜን ስድስት ጠበል ወርጃለሁ!

መቋሚያው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። «ደገምኸው! ሠላሳ ስድስት ዓመት ቆይተህ ደገምኸው! የስንቱን ሰው ስሕተት በቀይ ስታሰምር የኖርህ ሰውዬ!» የሚያልፉት ቀሳውስት ቆመው አዩን። አንቱ ማለቱን እንኳ ረሳው።

ያኔ ልነግረው እችል ነበር። ስለ ፊልሙ። እየሳቀ ነበር፤ ይቀልልኝ ነበር። አልነገርሁትም።

ሮጬ ለሰርካለም ደወልሁ። ብርቅዬ ከዱባይ የምትመለሰው 27 ማታ ነው። መካከለኛዋ በፍጹም አትደርስም። የገና አውሮፕላን ወንበርም አልቋል።

«ትንሿ እዚህ አዲስ አበባ ሱቅ አለች፣ አባባ። ዛሬ ብገዛት ራሴ በአውቶቡስ ይዣት እመጣለሁ። ወይስ ትልቋን ይጠብቃሉ?»

አንድ ወር በደብተር ስመዝነው የኖርሁት ጉዳይ ሩብ ደቂቃ አልፈጀም።

«ትንሿን ይዘሽ ነዪ።»

«ለጀማሪ ናት ያሉኝ እኮ…»

«ጀማሪ ነኝ።»


ታኅሣሥ 26፣ ሐሙስ

ሰርካለም ገባች። ጋሸና ላይ አንድ የጭነት መኪና መንገድ ዘግቶባቸው ሻይ ቤት ወንበር ላይ አድራለች። አቧራ ሆናለች። እናቷን መስላለች ዛሬ።

ዕቃዋን ሳታስቀምጥ ስልኬን ተቀብላ ያን ያልተነበበ መልእክት ከፈተችልኝ። «አባባ ዘንድሮ ገና 28 አይደል እንዴ? ደብዳቤዎ ላይ 29 ይላል» ብላ ነው የጻፈችው። ታኅሣሥ 8 ቀን። በላቲን ፊደል።

«አሁን እዚህ ውስጥ ስንት ስሕተት አገኙ?» አለችኝ።

አንድ። የእኔ።


ታኅሣሥ 27፣ ዓርብ

መብራት ጠፍቷል። ባትሪውን አረጋ በጄኔሬተሩ ሞላልኝ። ሥዕሎቹን ትቼ መዘውሩን ሁሉ በእጅ በሚሠራው ላይ አዞርሁት። የፊልም ፍጥነት የሚባለውንም፣ ካሜራዋ ለብርሃን ያላትን ንቃት፣ እንደ ድሮው ፊልሜ መቶ ላይ አደረግሁት።

«ጋሼ፣ በማለዳ ጥላ ስምንት መቶ ያድርጉት እንጂ፤ አለዚያ የሚንቀሳቀስ ሰው ይደበዝዛል» አለ አረጋ።

«እኔ ፎቶግራፍ ያነሣሁት በመቶ ነው።»

ግትርነት መሆኑን አውቃለሁ። ግን እጄ የሚያውቀው እርሱን ብቻ ነው… ነገ ከእጄ ጋር መጣላት አልፈልግም።


ታኅሣሥ 28፣ ቅዳሜ፣ ገና

ደረስሁ። በቀኑ ደረስሁ።

ክርኔን ድንጋዩ ላይ አስደግፌ አነሣሁ። አፋፉ በነጭ ሞልቷል። ወልደ ሩፋኤል ከግራ አምስተኛ። ከእኔ ጎን አረጋ በመካከለኛዋ ያንጣጣል። አንድ ጊዜ መሪጌታ ወደ እኔ ሲያይ ዓይን ለዓይን የተገናኘን መሰለኝ። ከዚያ አፋፉ ላይ አንድ ነገር ተበላሸ… አንድ ቄስ ዘወር ብለው ሲቆጡ አየሁ። ምን እንደ ሆነ አላወቅሁም።

ሰርካለም «ወዲያው ይታያል እኮ አባባ፤ ይቺን ይጫኑ» ትላለች። እምቢ አልሁ። ፎቶግራፍ ሳይታጠብ አይታይም። አንድ ቀን ይደር።


ታኅሣሥ 29፣ እሑድ

አረጋ ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተልን። መጀመሪያ የእርሱን አሳየን። እንዴት ያለ ጥራት! መቶውም ካህን ባለበት ቀጥ ብሏል፤ የጸናጽሉ ዘንግ ሳይቀር ይቆጠራል። ሁሉም አንድ ናቸው። ወልደ ሩፋኤልን ፈልገን ለማግኘት ጊዜ ወሰደብን።

ከዚያ የእኔን።

 ሦስታችንም ወደ ስክሪኑ ተጠጋን።

አፋፉ ላይ ያሉት ሁሉ ደብዝዘዋል፤ ወዲህና ወዲያ ሲሉ ነጩ ልብስ እንደ ጉም ፈስሷል። በዚያ ጉም መካከል አንድ ሰው ብቻ ጥርት ብሎ ቆሟል። ሽበቱ ይታያል። የጥምጥሙ እጥፋት ይታያል። ጸናጽሉን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አፉን ዘግቶ፣ ቀጥ ብሎ እኔን ያያል። ወልደ ሩፋኤል።

«ምነው እርሳቸው ብቻ?» አለች ሰርካለም።

እኔ ግን አውቄአለሁ። አርባ ሦስት ዓመት አንድ እርምጃ ያልሳተ መሪጌታ በመዝሙሩ መካከል ዝማሬውን ቆርጦ ቆመ። ቄሱ የተቆጡት እርሱን ነው።

አልተንቀሳቀሰም። አልተነፈሰም። ካሜራ ማለት ለእርሱ እንዲያ ነው፤ እኔ ነኝ እንዲያ ያስተማርሁት።

አረጋ ወንበሩን ገፋ አደረገና «የእኔዋ ሁሉንም አቆመቻቸው። የእርስዎ ግን የቆመውን ለየችው» አለ።


ታኅሣሥ 30፣ ሰኞ

አሳትሜ ወሰድሁለት። አልጋው ላይ ነው፤ ጉልበቱ አብጧል። ፎቶግራፉን አርቆ አየው፤ አቅርቦ አየው።

«ይሄ ነኝ?»

«ነህ።»

«ቄሱ ‹መሪጌታ ምነው ፈዘዙ› አሉኝ። ይበሉ። ‹አሁንም ተንቀሳቅሼበት ያ የደሴ ሰውዬ እንዳያመካኝ› ብዬ ነው ድርቅ ያልሁት።»

በዚህ ጊዜ ነገርሁት። ቁጭ ብዬ አልነበረም፤ ቆሜ ነገርሁት፤ እንደ ተማሪ። ፊልሙ አለመዞሩን፣ ቁጥሩ አርባ መድረሱን፣ ስሙ አፌ ላይ የቀረበኝን ሰው።

 የሚያየው ፎቶግራፉን ነው። ከዚያ፦

«እንዴ! ታዲያ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ንጹሕ እስላም በከንቱ ስረግም ኖርሁ በለኛ! በገና ዕለት! ከቍርባን መልስ!»

«በእኔ ነው።»

«በአንተ ነዋ! በማን ሊሆን ነው?» ጮኸ። ጎረቤት ሰማ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መሰለኝ… እየሳቀ ነበር። ሁለቱም ይሆናል። «ያን ምስኪን ልጅ አረጋንስ? በመንገድ እያዋረድሁት…»

እኔ ግን አልሳቅሁም።

«የንስሐ አባትህ አይደለሁም» አለኝ በመጨረሻ። «ቅጣት መስጠት ግን እችልበታለሁ፤ ተማሪ ስቀጣ ነው የኖርሁ። ጥቅሉ ስንት ነበር ያልኸኝ?»

«ሠላሳ ስድስት።»

«ዓመቱስ?»

«ሠላሳ ስድስት።»

«እንግዲህ ከዜማ ተማሪዎቼ ሠላሳ ስድስቱን ታነሣልኛለህ። ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው፤ እናቶቻቸው ልጆቻቸው በሕይወት መኖራቸውን እንኳ አያውቁም። አንድ አንድ ትልክላቸዋለህ። ለዚያም ሰው ትጽፋለህ። በሕይወት ካለ።»


ጥር 3፣ ሐሙስ

ወልደ ሩፋኤል በሁለት ሰው ተደግፎ አረጋ ፎቶ ቤት ገባ። አጎንብሶ ይቅርታ ጠየቀው፤ በሰው ፊት። ከዚያ መጋረጃው ፊት ተቀምጦ «በል አንሣኝ፣ የመሐመድ ደቀ መዝሙር» አለው።

አረጋ እየተቻኮለ መካከለኛዋን አነሣ፤ ጫነ፤ ደጋግሞ ጫነ። ባትሪ አላገባባትም ነበር።

«ኧረ ይሄም አቃጣይ ነው!» አለ መሪጌታ።


ጥር 9፣ ረቡዕ

አሥራ አንድ ተማሪዎች። ሲነሡ «ተንቀሳቀሱ፣ ተንፍሱ» እላቸዋለሁ። አንዱ «የኔታ እንዳይቆጡ» ብሎ እየፈራ ሳቀ። ያ ሳቁ ፎቶግራፉ ውስጥ ገባ።


ጥር 14 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ጥምቀትም አለፈ። ሠላሳ ስድስቱ ተነሥተው አለቁ። ሰርካለም ከአዲስ አበባ ጻፈች፤ መካከለኛዋ ብርቅዬ ዘንድ ታሽጋ ተቀምጣለች፤ ትላክልዎት ወይ ትላለች። «ለብርቅዬ ትሁን፤ እኔ ገና ትንሿን አልጨረስኋትም» ብዬ መለስሁ። ደብዳቤዋ ላይ ሁለት ስሕተቶች ነበሩ። ቀይ እስክሪብቶዬ ግን ከፎቶግራፎቹ ጀርባ ስም ስጽፍበት አልቋል። አዲስ አልገዛሁም።

አቶ መሐመድ በሕይወት አሉ። አረጋ ደሴ ደውሎ አረጋገጠ፤ ቤቱ ተዘግቷል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ዛሬ ጻፍሁላቸው። አምስት ጊዜ ቀድጄ ስድስተኛውን ላክሁ። ግልባጩን እዚህ አኖራለሁ፦

«ለተከበሩ አቶ መሐመድ፣

ላሊበላ ነኝ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ፊልም ስልክልዎ የነበርሁት መምህር ሰይፈ ሥላሴ ነኝ፤ ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። በ1968 ዓ.ም. አንድ ፊልም እርስዎ እንዳቃጠሉት ተናግሬ ነበር። ሐሰት ነው። ያን ፊልም ወደ እርስዎ አልላክሁትም፤ ከካሜራዬም አልወጣም፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። በዚህ ምክንያት በዚህ ከተማ ሠላሳ ስድስት ዓመት ስምዎ በክፉ ሲነሣ ኖረ። የሰሙትን ሁሉ በየቤታቸው ሄጄ አስረድቻለሁ፤ የሞቱት ቀርተውብኛል።

ከዚህ ጋር አንድ ፎቶግራፍ ተያይዟል። ዓይንዎ ባያየው ልጅዎ ይግለጽልዎ፤ ጥርት ብለው፣ ቀጥ ብለው የቆሙት ሽማግሌ ሲረግሙዎ የኖሩት ናቸው፤ ዛሬ ይቅርታ ይጠይቁዎታል። ተማሪዎ አረጋም ሰላምታ ያቀርብልዎታል።

ይቅር ቢሉኝም ባይሉኝም እስከ የካቲት 12 ቀን 2004 ዓ.ም. በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እለምናለሁ። መሪጌታም ከእኔ ጋር ይጠብቃሉና ቀኑ ባያልፍ። እጅዎ ካልታዘዘልዎ በማንም እጅ ያስጽፉት፤ በፈለጉት ፊደል ይሁን። አላርመውም።»